አማካሪው በጥቅምት ፈርሟል

፩

«ፊርማው የሐሰት ነው» አሉ ዶክተር ልዑልሰገድ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ። የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ ለማንም ተነሥተው አያውቁም። «ልጅቷ ራሷ ናት የፈረመችው። ሰው ጳጉሜን ላይ ሞቶ ጥቅምት ላይ እንዴት ይፈርማል? እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ እህቴ።»

የውብዳር ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥታ አየችው። የአምና የኮርስ መመዝገቢያ ቅጽ ነው፤ ኑሪያ ሰይድ የምትባል ተማሪ ቅጽ። ግርጌው ላይ «የአማካሪ ፊርማ» ከሚለው ጎን ፊርማ አለ።

ካቻምና ጳጉሜን ላይ የሞተው አማካሪ ባሏ ነው።

«እህቴ አይበሉኝ» አለች። ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠች።

፪

ድግሪህን ለማቀድ የሚረዳ መመሪያ (ከትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ያልተለጠፈ)

አማካሪህ ማን እንደሆነ እወቅ። ስሙ ሰሌዳው ላይ አለ። ሰሌዳው መስታወት ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጠፍቷል፤ የተለጠፈው ስምም የድሮ ነው።

በማማከሪያ ሰዓቱ ሂድ። «አሁን ወጣ» ትባላለህ። በሌላ ቀን ሂድ። «አሁን ወጣ።» ይህ ሰው መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም፤ ሁልጊዜ ግን አሁን ነው የሚወጣው።

ምን መሆን እንደምትፈልግ አስብ። አስበህ ስትጨርስ ተወው። ማንም አልጠየቀህም።

የክፍል ተጠሪህ ቅጹን ያመጣልሃል። ተሞልቶ፣ ተፈርሞ ታገኘዋለህ። ስምህን ጻፍ።

ተመረቅ።

፫

አንባቢ ይህች የውብዳር ማን ናት ማለቱ አይቀርም።

በአንዲት ደጋ ከተማ፣ ስሙን በማንጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ፣ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች። ባሏም እዚያው ያስተምር ነበር፤ ቢሮዎቻቸው ኮሪደሩን ተሻግረው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጥቁር የለበሰችው አንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲሞላ አወለቀች። ሰው ሁሉ «ጎሽ፣ ተጽናናች» አለ። ሰው ሁሉ ብዙ ነገር ይላል።

ከሞተ ወዲህ ግን ስሙን ጠርታ አታውቅም። «እሱ» ትላለች፤ ሲብስ «ባለቤቴ»። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን አዟዙራ እሱ የማያስፈልገው ዐረፍተ ነገር ታደርገዋለች። ሰዋስው ለዚህም ይጠቅማል። በዚህ ታሪክ ውስጥም ስሙ አይገኝም። እሷ ያልጠራችውን እኛ ምን ቆርጦን እንጠራለን።

፬

ስለ ልማዱ ማወቅ አለባችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ ተረት ይመስላችኋል።

አማካሪ ማለት የተማሪውን ውጤት አይቶ፣ «ይህን ውሰድ፣ ለዚያኛው ገና ነህ» ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። እንዲህ ይላል ደንቡ። ልማዱ ግን ሌላ ነው። ምዝገባ ሲቃረብ አማካሪው ባዶ ቅጽ በጥቅል ያስመጣና ሻዩን እየጠጣ ሁሉንም ይፈርማል። ጥቅሉ ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የክፍል ተጠሪው መጥቶ ይወስዳል፤ አንድ የኮርስ ዝርዝር በሁሉም ላይ ይገለብጣል። የታመመውም፣ የወደቀውም፣ ያቋረጠውም፣ ጎበዙም አንድ ናቸው። በምክር ቤትም እንዲህ ያለ እኩልነት አልተገኘም።

የየውብዳር ባል ሲሞት መሳቢያው ውስጥ የፈረመበት ጥቅል ነበር። ለቅሶው ላይ ትምህርት ክፍሉ በሙሉ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ተጫወተ፣ ንፍሮውን በላ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ሄደ። ለተማሪዎቹ ሌላ አማካሪ የመደበ ግን አልነበረም። ጥቅምት መጣ፤ የሟቹ ተማሪዎች ቅጽ ከሁሉም ቀድሞ ተፈርሞ ሬጅስትራር ደረሰ። የካቲትም ደረሰ። በዓመቱ ጥቅምትም ደረሰ። ማንም ምንም አልጎደለበትም።

ትምህርት ክፍሉ ሰው መጉደሉን ያወቀው ወረቀቱ ሲያልቅ ነው።

ያን ጊዜ «አንድ የአማካሪ ክፍት ቦታ አለ» ተባለና ልጆቹ ለየውብዳር ተሰጡ። እሷም በዚያ ኮሪደር ታይቶ የማይታወቅ ነገር አደረገች። የእያንዳንዱን ልጅ የውጤት ሰነድ አነበበች። በኑሪያ ሰነድ ላይ የጎደለ ኮርስ አግኝታም ለትምህርት ክፍሉ አሳወቀች።

፭

ኑሪያ ሰይድ የሐርቡ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ዝም ስትልም ከንፈሯ የሚንቀሳቀስ።

«ቲቸር፣ ወላሂ ፊርማ አልነካሁም።»

«ቅጹን ማን ሰጠሽ?»

«የክፍላችን ሪፕ ነዋ! ተፈርሞ ነው የሚመጣ። እኛ ስም ብቻ ነው የምንጽፍ።»

«አነበብሽው?»

«የተፈረመ ነገር ይነበባል እንዴ፣ ቲቸር?»

የውብዳር ሳቀች ለማለት ይከብዳል፤ አፍንጫዋ ነው የሳቀው። «ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥሽውን ኮርስ ታስታውሺዋለሽ?»

«ፕሮባቢሊቲ ሁለትን? ታይፎይድ ይዞኝ እኮ ነው። በፈቃድ ነው ያቋረጥኩት። በኋላም ለአማካሪዬ ነግሬያለሁ።»

«ለማን?»

ልጅቷ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። «ለ… ለባለቤትዎ። ሐምሌ ላይ። ‹ጥቅምት ላይ አስታውሺኝ፣ እሱን ሳትወስጂ ወደ ፊት አትሄጂም› አሉኝ።»

ጥቅምት ላይ የምታስታውሰው ሰው አልነበረም። ቅጹ ግን ነበረ። ቅጹ ወደ ፊት አሳለፋት።

«ሲፈረም አልገረመሽም? አፈር ከለበሰ በኋላ?»

«ዶርም ውስጥ እንቀልድ ነበር፤ ‹ቲቸራችን ከሰማይ ቤት ይፈርሙልናል› እየተባባልን። አፉ ይበሉኝ።» ኑሪያ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «የምሬን ግን ቲቸር፣ ሳይሞቱ በፊት ስለ እያንዳንዳችን አስበው፣ ልክ ነው ብለው የፈረሙ ነበር የመሰለኝ። እሳቸው ከፈረሙበት ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

የውብዳር ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የውኃ ታንከርና ግድግዳ ነው።

«ባይነኩት ኖሮ እኮ ሐምሌ ላይ እመረቅ ነበር» አለች ኑሪያ ከኋላዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሬጅስትራር ያገኘው ነበር።»

«ሬጅስትራር?» አለች ልጅቷ። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ የነበረውን ንቀት የውብዳር ወደደችው።

፮

ደንቡ አጭር ነው። እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው አጭር የሚሆነው።

ስህተቱ የአማካሪው ከሆነ፣ ትምህርት ክፍሉ የጎደለውን ኮርስ በክረምት ከፍቶ ያስተምራል፤ ተማሪዋ ዓመቱ ሳያልቅ ትመረቃለች።

ፊርማው የሐሰት ከሆነ፣ ተማሪዋ ትሰናበታለች።

የጎደለው ኮርስ የዶክተር ልዑልሰገድ ነው። ክረምት ክረምት ደግሞ ዶክተር ልዑልሰገድ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ለሥልጠና ይሄዳሉ። የሚሠለጥኑት በየዓመቱ አንድ ነገር ነው፦ የተማሪዎች አማካሪነት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር ድሮ። እሳቸው አህያውንም አልፈሩም፤ ዳውላው ስለቀረባቸው ነው።

፯

(ይህ ቁጥር ስለ ሐዘኗ ሊጻፍበት ታስቦ ነበር።

አልፈቀደችም።)

፰

ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ዶክተሩ ተዘጋጅተው ጠበቋት። በር ራሳቸው ከፈቱ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው መጠንቀቅ አለበት።

«ቁጭ በይ፣ የውብዳር። ሻይ ይምጣልሽ? አይሆንም? እሺ። እኔ እኮ ስላንቺ ነው የማስበው።» ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉ። «ይኸው የድሮ ፊርማው። ጭራውን እይው፣ እንደ ወፍ ወደ ላይ ይበራል። ይኸው ደግሞ የልጅቷ ቅጽ። ጭራው ወደ ታች ወድቋል፣ መስመሩን አልፎ። ሕፃንም ይለየዋል። የሱ አይደለም።»

«የሱ ነው።»

«ተይ እንጂ!» ድምፃቸውን ቀነሱ። «የሱ ነው ካልሽ እኮ ባዶ ወረቀት ላይ ይፈርም ነበር እያልሽ ነው። ያ ሰው! በስብሰባ ሁሉ ‹ሳያዩ መፈረም በሽተኛ ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው› እያለ የሚያሳቅቀን ሰው። ይህን በቃለ ጉባኤ ልታጽፊበት ነው? የሞተ አይወቀስም።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ትኖራለች። ወጣት ናት።» ከመሳቢያቸው የወርቅ ጠርዝ ያለው የምስክር ወረቀት አወጡ። «ላስደንቅሽ ብዬ ነበር። ሐምሌ ላይ ለምረቃው የምናበረክትለት ነው። የምርጥ አማካሪ ሽልማት። የንባብ ክፍሉም በስሙ ይሰየማል፤ ጽሑፉ ታዟል።»

የውብዳር አነበበችው። «የተማሪዎቹን የምዝገባ ቅጽ ለሦስት ተከታታይ ሴሚስተር ከሁሉም ቀድሞ በማስረከቡ…»

«ዶክተር» አለች፣ «በሦስቱም ሴሚስተር ሞቶ ነበር።»

ዶክተር ልዑልሰገድ ጥቂት አሰቡበት።

«ያ የሥርዓቱን ጥንካሬ ነው የሚያሳየው» አሉ።

፱

ጸሐፊዋ ጥሩዬ ሽንት ቤት በር ላይ ጠበቀቻት። በዚያ ሕንጻ እውነት የሚነገረው እዚያ ነው።

«እትዬ የውብዳር፣ እኔን ምስክር አድርገው እንዳይጠሩኝ። ልጆች አሉኝ።»

«ቀኑን ማን ጻፈበት?»

«እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ከቀብሩ በኋላ ጥቅሉን ይዤ ዶክተር ዘንድ ገባሁ፣ ‹ይቃጠል ወይስ ምን ይሁን› ብዬ። ‹ተፈርሞ ያለ ወረቀት ለምን ይባክናል› አሉኝ።»

«እንዲህ አሉ?»

«በማርያም! እንዲህ ነው ያሉት።» ጥሩዬ ዓይኗን ጠረገች፤ የውብዳር አልጠረገችም። «ባለቤትዎ እኮ ሲሰጡኝ ‹እስክመለስ ነው› ብለውኝ ነበር። ከልብ ነበር ያሉት።»

«አውቃለሁ።»

«እና ዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ምን ይላሉ?»

«አላውቅም» አለች የውብዳር። ይህም እውነት ነበር።

፲

የውብዳር የምታውቀው ይህ ነው። ለማንም አልተናገረችውም፤ ለእናንተም የምትናገረው አማራጭ ስላጣች ነው።

ሐምሌ ነው። ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በማግስቱ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። እሱ የመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፤ ፊቱ ባዶ ቅጽ ተከምሯል።

«አንተም?» አለችው።

ሳይዞር መለሰላት። «ልጆቹ እንዳይጉላሉ ነው። ብዘገይ ምዝገባ ያልፋቸዋል። ስመለስ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ፤ ያጠፋሁትን አርማለሁ።»

«ሰዎቹን ስትሰድብ ኖረህ!»

«ሰዎቹ ጤነኛ ናቸው» አለ። «ጤነኛ ሰው ምን ሰበብ አለው?»

እጁ ከድቶት ነበር። እስክሪብቶውን ሲያነሣ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ጭራ ወደ ታች ይፈስሳል፣ መስመሩን ያልፋል። ወረቀቱም ከእጁ ሥር ይንሸራተታል። አንዱን አበላሸ። ሁለተኛውን አበላሸ። በሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ አያት።

መጥታ ከጎኑ ቆመች። ወረቀቱን በመዳፏ ያዘችለት።

እስኪያልቅ።

ያን ክረምት ከትምህርት ክፍሉ ሊጠይቀው የመጣ አልነበረም። መንገዱ ጭቃ ነው ብለው ነበር። ስለዚህ ያ ጭራ ለምን እንደወደቀ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ።

፲፩

አሁን አንባቢ ምክር ሊሰጥ አፉን ከፍቷል። ቆዩ፤ እናውቀዋለን።

ትላላችሁ፦ እውነቱን ትናገር። ቀላል ነው። የሚሰየመው የንባብ ክፍል የእናንተ ባል ስም አልተጻፈበትም።

ትላላችሁ፦ ዝም ትበል፣ ሙት ያርፍ። ይህም ቀላል ነው። ሻንጣዋን ሸክፋ ወደ ሐርቡ የምትሳፈረው የእናንተ ልጅ አይደለችም።

ወይም ትላላችሁ፦ መካከለኛ መንገድ ትፈልግ። እናንተ የትምህርት ክፍል ኃላፊ መሆን ትችላላችሁ።

ምክር በዚህ አገር ርካሽ ነው። ዩኒቨርሲቲው በነፃ ያድለዋል፤ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ሰው ሳይታይ።

፲፪

ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ስብሰባ የተገለበጠ

ሰብሳቢ፦ ተማሪ ኑሪያ፣ ይህን ፊርማ አንቺ ነሽ የፈረምሽው?

ኑሪያ፦ አይደለሁም።

ሰብሳቢ፦ ማን ፈረመው ታዲያ?

ኑሪያ፦ አማካሪዬ ናቸው።

ዶ/ር ልዑልሰገድ፦ አማካሪሽ ሞተዋል።

ኑሪያ፦ አውቃለሁ። ቀብር ነበርኩ። እርስዎን አላየሁዎትም።

ሰብሳቢ፦ ሥርዓት! ሥርዓት ያዢ! …መምህርት የውብዳር፣ የሚሉት አለ? ባይናገሩም ኮሚቴው ይረዳል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አናስጨንቅም።

የውብዳር፦ ፊርማው የሐሰት አይደለም።

ዶ/ር ልዑልሰገድ፦ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ጭራውን ይመልከቱልኝ፣ ፈጽሞ…

የውብዳር፦ ጭራው የወደቀው እጁ ስለደከመ ነው። ሐምሌ ላይ ቤታችን ብቅ ብለው ቢሆን ያዩት ነበር። እናንተ የመጣችሁት ለድንኳኑ ነው።

(ሰብሳቢው ቅጹን አነሡ።)

ሰብሳቢ፦ ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሟል እያሉን ነው?

የውብዳር፦ ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሟል። ወረቀቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ተመልሶ ሊያየው ነበር፤ አልተመለሰም። በሞተ ሰው ፊርማ ሦስት ሴሚስተር ልጆች ያስመዘገበው ግን እሱ አይደለም። ያ ሰው በሕይወት አለ፤ እዚሁ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ዶ/ር ልዑልሰገድ፦ (ብርጭቆውን አስቀመጡ።) የውብዳር፣ እህቴ፣ ሽልማቱን አስቢው። ስሙን አስቢው።

የውብዳር፦ ሽልማቱን ለራስዎ ያድርጉት፤ እርስዎም በሕይወት ሳሉ ማንንም አላማከሩም።

ኑሪያ፦ (የማይሰማ።)

ሰብሳቢ፦ ጸጥታ! መምህርት፣ ይህ ከተመዘገበ የአማካሪ ስህተት ሆኖ ነው የሚመዘገበው። ትምህርት ክፍሉ ኮርሱን በክረምት ይከፍታል፤ ተማሪዋ ነፃ ትሆናለች። ጥፋቱ ግን በፈራሚው የግል ማኅደር ይገባል። ማኅደር አይታጠብም። ገብቶዎታል?

የውብዳር፦ ገብቶኛል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ለቃለ ጉባኤው፣ የፈራሚው ሙሉ ስም ይጠራ።

ዶ/ር ልዑልሰገድ፦ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙ ይለፍ፣ ‹አማካሪው› ይባል።

የውብዳር፦ አይለፍ።

ሰብሳቢ፦ እኛ ልንጽፈው እንችላለን፣ መምህርት። መጥራት አይጠበቅብዎትም።

የውብዳር፦ እናንተ ሳታዩ ነው የምትጽፉት። እኔ እጠራዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ እሺ። እንጠብቃለን።

(መምህርት የውብዳር ተነሡ። መስኮቱን ከፈቱ። ቀጥሎ የጠሩት ስም እዚህ አልተገለበጠም።)

የውብዳር፦